በመቀነት የታሰረው እጀታ

ወፍጮው ዛሬም በህልሜ ይመጣል። ሲፈጭ ግን አይቼው አላውቅም፤ ሁልጊዜ ቆሞ ነው የማየው። የዱቄቱ ብናኝ አየር ላይ እንደተንሳፈፈ ነው፤ አይወርድም፣ አይወጣም። በቆርቆሮው ግድግዳ ላይ ካለችው ቀዳዳ የገባችው ፀሐይ በብናኙ መሀል ቀጭን ዘንግ ሠርታ ቆማለች። ከድንጋዩ በኩል የመዶሻ ድምፅ ይሰማኛል፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ባለቤቴ ነው። እኔ ወንፊቴን ይዤ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። እጄን ወደ ወገቤ ስሰድ መቀነቴ የለም። ሌላ ሴት ብትሆን መቀነቷን ስታጣ ትደነግጣለች፤ እኔ ግን ደስ ይለኛል። ወገቤ ላይ ከሌለ የት እንዳለ አውቃለሁና።

ልጆቼ «እማዬ ደግሞ ወፍጮዋን ጀመረች» ይላሉ። ይበሉ። እነሱ መብራት ሲጠፋ ከመናደድ በቀር ስለ መብራት ምን ያውቃሉ? እኔ መብራት ሲመጣ ነው የምፈራው።

ኮልፌ ያኔ ከተማ አልነበረም። ዛሬ ሚኒባሶቹ ከሚዞሩበት ከአስራ ስምንት ማዞሪያ አንስቶ ወደ ቀራንዮ ሲኬድ ገብስ ነው፣ ባቄላ ነው፣ በየመሀሉ ባህር ዛፍ ነው። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከወንዙ ተነስቶ ማሳው ላይ ይተኛል። ወደ ሥራ ስንወርድ ከጉልበታችን በታች እግራችን አይታየንም፤ ከፊታችን የምትሄደው ሴት ያለ እግር ስትንሳፈፍ እያየን እንሳሳቃለን። በዚያ ጉም ውስጥ ጣልያን አገሩን መያዙ እንኳ ለአፍታ ይረሳን ነበር። ጉሙ ሲገፈፍ ባንዲራቸው ከወፍጮ ቤቱ ጣሪያ ላይ ይታያል። ያን ጊዜ ሳቃችን ይቆማል፤ እንገባለን።

ከጣልያን በፊት በዚያ ቦታ የውሃ ወፍጮ ነበር። ባለቤቴ ድንጋይ መውቀር የተማረው እዚያ ነው። የውሃውን በር ይጠብቁ የነበሩት ደግሞ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ጎረቤታችን ነበሩ። «ይከፈት!» ሲባሉ ሳንቃውን ያነሳሉ፣ ውሃው ይመጣል፣ ወፍጮው ይዞራል። «ይዘጋ!» ሲባሉ ሳንቃውን ይጥላሉ፣ ወፍጮው ይቆማል። ዕድሜያቸውን ሙሉ በእነዚህ ሁለት ቃላት ሲታዘዙ ኖረዋል፤ ተሳስተውም አያውቁም።

ጣልያን መጣና የውሃውን ወፍጮ አፈረሰ። በቦታው የቆርቆሮ ቤት ሠራ፣ በእንጨት ምሰሶ ሽቦ ጎትቶ የኤሌክትሪክ ሞተር ተከለ። ዱቄቱ ለወታደሮቹ ነበር። ለጠላት ጦር ዱቄት መንፋት ያሳፍረኝ ነበር፤ አሁንም ያሳፍረኛል። ግን ማሳችንን ለድንኳናቸው ወስደውብናል፤ ሆድ ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም። ባለቤቴ ድንጋይ ሊወቅር፣ እኔ ዱቄት ልነፋ፣ ጋሼም አዲሱን በር ሊጠብቁ ገባን። አዲሱ በር ግን በር አልነበረም። ግድግዳው ላይ የተሰካ፣ የእንጨት እጀታ ያለው የብረት ምላስ ነበር። ወደ ላይ ሲገፉት ሞተሩ ይነሳል፤ ወደ ታች ሲስቡት ይተኛል።

የሞተሩ አለቃ አንድ ጣልያን መካኒክ ነበር። ከሲታ ሰውዬ ነው፤ ሲሠራ በአፍንጫው ያንጎራጉራል። ክፉ ሰው አልነበረም። ደግ ነበር ለማለት ደግሞ አፌ አይታዘዝልኝም።

የወፍጮ ድንጋይ ሲቆይ ይለሰልሳል፤ ዱቄቱ እየሞቀና እየሻከረ ይመጣል። ያኔ መወቀር አለበት። የላይኛውን ድንጋይ በሰንሰለት ወደ ላይ ያነሱታል፤ ባለቤቴ በታችኛው ላይ በደረቱ ተኝቶ በመዶሻ አዲስ ጥርስ ያወጣለታል። ከታችኛው ድንጋይ መሀል የሚወጣ ወፍራም የብረት ዘንግ አለ፤ የላይኛውን ድንጋይ የሚያዞረው እሱ ነው። ባለቤቴ ሲተኛ ዘንጉ ከአንገቱ አንድ ክንድ አይርቅም። ሞተሩ በተኛበት ሰዓት ዘንጉ እንደ ማንኛውም ግንድ ነው፤ ባለቤቴ ሲደክመው ግንባሩን ያስደግፍበት ነበር። ሞተሩ ከተነሳ ግን ያገኘውን ሁሉ ጠምጥሞ ይወስዳል። ስለዚህ ባሌ እዚያ ውስጥ በገባ ቁጥር የእኔ ነፍስ ያለችው እጀታው ላይ ነበር። ወንፊቴን እነቀንቃለሁ፤ ዓይኔ ግን ከግድግዳው አይነሳም።

«አፕሪ» የሚለውን ቃል በዚያ ጊዜ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ወታደሮቹ የሰው በር እየደበደቡ የሚጮኹት እሱን ነው፤ ክፈት ማለት ነው። ልጆች እንኳ ድብብቆሽ ሲጫወቱ «አፕሪ! አፕሪ!» ይባባሉ ነበር። ጋሼም ከጣልያንኛ የሚያውቁት እሱን ብቻ ነው።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ባለቤቴ ሊወቅር ገባ። ጋሼ ሞተሩን አስቀድመው አስተኝተውታል፤ እጀታው ወደ ታች ነው። መካኒኩ ከጓሮ ቅባት በቅባት ሆኖ መጣ። ባለቤቴ ድንጋዩ ላይ መተኛቱን አየ፤ እጀታውን ግን አላየም። ለጥንቃቄ ብሎ ወደ ጋሼ ጮኸ፤ «አፕሪ!»

ጋሼ እጀታውን አዩ፤ መካኒኩን አዩ። ከቆሙበት ሆነው ድንጋዩ አይታያቸውም። ኋላ እንደነገሩኝ ልባቸው «ቆይ» ብሏቸው ነበር። ግን በዚያ ጊዜ ነጭን «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ማን ነው? ክፈት ተባሉ፤ ከፈቱ። እጀታውን ወደ ላይ ገፉት።

ሞተሩ ሲነሳ መጀመሪያ ያቃስታል፤ ቀስ ብሎ ነው የሚፈጥነው። ባሌ የተረፈው በዚያ ዝግታው ነው። ዱቄት እንዳይገባበት አንገቱ ላይ የሚጠመጥማት አሮጌ ነጠላ ነበረችው፤ ጫፏን ዘንጉ ያዘው። ጭንቅላቱ ወደ ብረቱ ሲሳብ አየሁ። እጆቹ ድንጋዩን ሲገፉ አየሁ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ ውሃ ውስጥ ሆኜ ያየሁት ይመስለኛል። መካኒኩ «አፕሪ! አፕሪ!» ይላል። እኔ «ይዘጋ! ይዘጋ!» እላለሁ። ጋሼ መሀል ላይ ናቸው፤ እጃቸው እጀታው ላይ ነው። መካኒኩ በጮኸ ቁጥር እጀታውን ወደ ላይ አጥብቀው ይገፉታል፤ ከዚህ በላይ እንዴት እንደሚከፈት ግራ ገብቷቸው እንባቸው ይወርዳል። ነገሩን ሳስበው ዛሬም ይዘገንነኛል። እኔና መካኒኩ አንድ ነገር ነበር የምንለው። ሁለታችንም አቁሙ ነበር የምንለው። አንዱን ልመና በሁለት ተቃራኒ ቃል እየጮህን ባሌ ሊታነቅ ነው።

«ጋሼ! በልጆችዎ! ይዝጉት!» አልኩ።

ዓይናቸውን ከመካኒኩ ነቅለው ወደ እኔ አዞሩ። እጀታው ወረደ።

ነጠላዋን በቢላ ቆርጠን አወጣነው። አንገቱን የዞረው ጠባሳ እስኪሞት ድረስ አልጠፋም። መካኒኩ ጆንያ ላይ ቁጭ አለ። ጋሼ ደግሞ ወደ ውጭ ወጥተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆሙ።

በማግስቱ መካኒኩ እኔንና ጋሼን ወደ ደጅ ወሰደን። ከበሩ ፊት ለፊት ቦይ አለ፤ ሰው የሚሻገረው በሳንቃ ነው። ሳንቃውን አነሳውና ባዶውን ቦይ እያሳየ «አፔርቶ» አለ፤ ክፍት። እግሩን ሰንዝሮ መሻገር እንደማይችል አሳየን። ሳንቃውን መለሰው፤ «ኪዩዞ» አለ፤ ዝግ። ተሻገረ። ለካ ለእሱ ኤሌክትሪክ ማለት መንገደኛ ነው፤ ክፍት ሲል መንገዱ ተቋርጧል ማለቱ ነው። ለእኛ ደግሞ ኤሌክትሪክ ውሃ ነው፤ ሲከፈት ይመጣል።

ጋሼ ሳንቃውን ብዙ ተመለከቱትና «ታዲያ ድልድዩ ተነሳ አይልም ነበር?» አሉ። እያለቀስኩ ሳቅኩ።

ከዚያ በኋላ መካኒኩ «ይዘጋ» የሚለውን ቃል ተማረ። ረጋ ሲል ይለዋል። ሲቸኩል ግን አፉ ወደ እናቱ ቋንቋ ይሮጣል። በዚህስ አልፈርድበትም፤ እኔም ስደነግጥ የእናቴ ቋንቋ ነው የሚመጣልኝ። ስለዚህ፣ ቃል የሚባለው ይቅር አልኩ። ባሌን በሰው አፍ ላይ አላሳድርም።

አንገቱ ሽሮ ወደ ሥራ የተመለሰ ቀን፣ ወደ ድንጋዩ ሊገባ ሲል «ቆይ» አልኩት። በሰው ሁሉ ፊት መቀነቴን ፈታሁ።

«ምን እያደረግሽ ነው? አብደሻል እንዴ?» አለኝ።

«አዎ፣ አብጃለሁ። ዝም በል» አልኩት።

እጀታው ወደ ታች መሆኑን አየሁ። መቀነቴን በእጀታውና ከስሩ ባለው የብረት ቀለበት ላይ ደጋግሜ ጠመጠምኩና አጥብቄ ቋጠርኩት። የእናቴ ቋጠሮ ነው፤ የዘር እህል ከረጢት የምትቋጥርበት።

የዛሬ ልጆች መቀነት ሲባል የባህል ልብስ ማድመቂያ ነው የሚመስላቸው። ያኔ የሴት ወገብ ነው፣ የሴት ክብር ነው። ባለትዳር ሴት መቀነቷን ወይ ራሷ ትፈታዋለች ወይ ባሏ ይፈታዋል። የሰው ሚስት መቀነት ፈታ የተባለ ወንድ ሠፈሩን ለቆ ነው የሚሄደው። ጋሼ ቋጠሮውን ሲያዩ እጀታው የጋለ ይመስል ወደኋላ ሸሹ።

«እኔ ይሄን አልነካም» አሉ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው። «ከፈለገ ይጩህ፣ ከፈለገ ይሰቀል። የሰው ሚስት መቀነት አልነካም።»

«እሱን ነው የምፈልገው፣ ጋሼ» አልኳቸው።

መካኒኩ ወገቤን አየ፤ እጀታውን አየ። ይስቃል ብዬ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኩት። አልሳቀም። ቋጠሮውን ሳብ ሳብ አድርጎ ሞከረው፤ እንደማይፈታ ሲያይ እያንጎራጎረ ሄደ።

ከባለቤቴ ጋር ውል ገባን። ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ የምፈታውም እኔ ነኝ። ሥራው አለቀ ስለተባለ አልፈታም። «ወጥቷል» ስለተባለም አልፈታም። እሱ ራሱ ወጥቶ በፊቴ ይቆማል። እጄን ትከሻው ላይ አደርጋለሁ። ሙቀቱን በእጄ ካገኘሁት በኋላ ያን ጊዜ እፈታለሁ።

አብረውኝ የሚነፉት ሴቶች አላስቀመጡኝም። «ማታ ለባልሽ የምትፈቺው ተርፎሻል?» ይሉኛል። «እናንተን ምን አገባችሁ፣ እጀታውን አገባሁት!» እላቸዋለሁ። እንዲህ ሲያሾፉብኝ ከረሙ፤ ሞተሩን ከዘንጉ ጋር የሚያገናኘውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ የሚጠግነው ሰውዬ አንድ ጠዋት የሚስቱን መቀነት በብብቱ ሸጉጦ፣ እየተሽኮረመመ መጣ። ከዚያ በኋላ ትልቅ ጥገና ሲሆን እጀታው ሁለት መቀነት ይታጠቃል፤ ሁለቱም ካልተፈቱ ጋሼ አይጠጉትም። አሿፊዎቹም ማሾፋቸውን ተዉ።

በዚያ የመከራ ዘመን እፎይ ያልኩበት ጊዜ ቢኖር መቀነቴ እጀታው ላይ ያለበት ሰዓት ነው። ወፍጮው ጸጥ ይላል። ጆሯችን ከጩኸቱ ሲያርፍ ወንዙን እንሰማለን፤ ጣሪያውን የሚያንኳኩትን ወፎች እንሰማለን። ባሌ ቀጭ፣ ቀጭ ያደርጋል። እኔ ወገቤ ላላ ብሎ፣ ቀሚሴን በአንድ እጄ ይዤ፣ ግድግዳውን ተደግፌ አሸልባለሁ። ከጣልያን ጋር ጦርነት መኖሩን፣ ማሳችን መወሰዱን፣ ሁሉንም እረሳለሁ። ቀጭ ካለ አለ። ይህን ያህል የምወደው መሆኑን የነገርኩት አይመስለኝም፤ ያኔ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም ነበር።

ጣልያን ሊሸነፍ ሲል ሠፈሩ ሁሉ ተረበሸ። ካሚዮኖቹ ከአስኮ በኩል እየተግተለተሉ ያልፋሉ፤ ወታደሮቹ ዓይናቸው ቀልቷል። አንድ ረፋድ ላይ መካኒኩ ዕቃ ሊያመጣ ከተማ ሄዶ ሳለ አንድ መኮንን ከነወታደሮቹ ገባ። ዱቄት አሁኑኑ ይፈጭልኝ ነው የሚለው። ባሌ ድንጋዩ ላይ ነው። መቀነቴ እጀታው ላይ ነው።

መኮንኑ እጀታውን እየጠቆመ በጋሼ ላይ ጮኸ። ጋሼ አልተንቀሳቀሱም። «ጌታዬ፣ የሰው ሚስት መቀነት ነው» አሉት በአማርኛ፤ የሚገባው ይመስል። በጥፊ መታቸው። ባርኔጣቸው ወደቀ። ባርኔጣቸውን አንስተው አራግፈው አድርገው «የሰው ሚስት መቀነት ነው እኮ» አሉት ደግመው። እኚያ አንድ ጊዜ ነጭን «ለምን?» ለማለት የፈሩት ሰውዬ ናቸው።

መኮንኑ ገፈተራቸውና ቋጠሮውን ራሱ ያዘ። እኔ ያኔ ወደ ድንጋዩ ሮጬ ገብቻለሁ። ባሌ ከመዶሻው ድምፅ በቀር የሚሰማው ነገር የለም። እግሩን ይዤ ጎተትኩት።

«ምን ሆንሽ?»

«ውጣ!»

ዞሬ ሳይ ሰውዬው ከእናቴ ቋጠሮ ጋር ይታገላል፤ በጥፍሩ ሞከረ፣ በጥርሱ ሞከረ። ጨርቅ ብረት አይሆንም፤ ይህን አውቅ ነበር። ቢሆንም ጊዜ ሰጠን። ሰውዬው ተሳድቦ ከወታደሩ ጩቤ ሲቀበል ባሌ በጉልበቱ እየዳኸ ከድንጋዩ ወረደ። ከወረደ በኋላ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? መዶሻውን ረስቶት ኖሮ ሊመለስ እጁን ዘረጋ! ሸሚዙን ይዤ ወደኋላ ስስበው ሁለታችንም ዱቄቱ ላይ ወደቅን። መቀነቴ ሲቀደድ ሰማሁት። ሞተሩ አቃሰተ። ዘንጉ መዶሻውን አገኘውና ወረወረው፤ የቆርቆሮውን ግድግዳ በስቶ ወደ ውጭ ወጣ። በቀዳዳው ፀሐይ ገባች።

ነጭ በነጭ ሆነን ተቃቅፈን ተቀምጠናል። ባሌ ቀዳዳዋን አየ፤ አንገቱን ዳበሰ። «መቀነትሽን አበላሹት» አለኝ። እጄን ትከሻው ላይ አደረግኩ፤ ይሞቃል።

መኮንኑም፣ መካኒኩም፣ ባንዲራውም ከጊዜ በኋላ ሄዱ። የተቆረጠውን መቀነቴን በጥቁር ክር ሰፋሁትና ታጠቅኩት። ጋሼ በሰላም አርጅተው ሞቱ፤ ለቅሷቸው ላይ ስለ ጥፊው ተነስቶ ሰው ሁሉ እያለቀሰ ሳቀ።

ባለቤቴ የሞተው ሸምግሎ፣ አልጋው ላይ ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት የዋጠው የድንጋይ ብናኝ ሳንባው ውስጥ ተቀምጦ ኖሮ መጨረሻ ላይ ትንፋሽ ነሳው። ለዚያ የማስረው መቀነት አልነበረኝም። ብናኙን ሁላችንም እናየው ነበር፤ ፀሐይ ስትገባበት ያምር ነበር።

የመጨረሻው ቀን ዓይኑን ጨፍኖ «አስረሽዋል?» አለኝ። የት እንዳለ ገባኝ።

«አስሬዋለሁ። ሥራህን ሥራ» አልኩት።

እንዳልዋሸው ብዬ መቀነቴን ፈትቼ ከአልጋው እግር ጋር አሰርኩት። የእናቴን ቋጠሮ ቋጠርኩ። እሱም ጣቶቹን አንሶላው ላይ እያንኳኳ ቆየና አቆመ።

ሬሳው ከቤት ሲወጣ ውላችንን አሰብኩ። ወጥቷል፤ ግን በፊቴ አልቆመም። ትከሻውን ነክቼው ነበር፤ ቀዝቅዟል። ስለዚህ አልፈታሁም።

ተዝካሩ ካለፈ በኋላ የሠፈር ሴቶች ተሰብስበው «ይበቃሻል፣ እንፍታልሽ» አሉኝ። ጋሼ ለመኮንኑ ያሉትን ነገርኳቸው። አልጋውን ሳነጥፍ ጎንበስ ብዬ የቋጠሮውን አቧራ አራግፋለሁ፤ ያሰርኩትን እስካሁን ማንም አልነካውም።